ሙሽሪትን ያጋደመው ትእዛዝ

የሐበሻ ቀሚስ ቁመት አለው። ይህን ማንም ያውቃል፤ ስክሪን የሚሠሩት ሰዎች ግን አያውቁም። እነሱ ስክሪን የሚሠሩት ለተጋደመ ነገር ነው፤ ለባሕር፣ ለኳስ ሜዳ፣ ለመኪና። የቆመች ሴት ፎቶ ስትሰጠው ግራና ቀኙን ባዶ ይተውና እሷን መሐል ላይ እንደ ክብሪት እንጨት ያቀጥናታል። እኔ ደግሞ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ እንጀራዬን የምበላው የቆሙ ሴቶችን ፎቶ እያሳየሁ ነበር።

ወደ ፎቶ የገባሁት ወድጄ አይደለም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ናሙና ቀሚስ እያንጠለጠልኩ ነበር የምሸጠው። ካርቱም ውስጥ ነጭ ቀሚስ ማንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል አንድ ከሰዓት ከተነሣ፣ ጠዋት ነጭ የነበረው ማታ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። አቧራው ቢምረው የደንበኛ ጣት አይምረውም። ዳስሳው፣ አገላብጣው፣ ጥለቱን በጥፍሯ ፍቃ፣ "ይሄማ ቆሽሿል" ብላ ትሄዳለች። ከዚያ አልበም ገዛሁ። አልበሙን ሙቀቱ በላው፤ ፕላስቲኩ ከፎቶው ጋር ይጣበቅና ገጽ ስትገልጥ የአንዷ ሙሽራ ፊት ተልጦ ይቀራል። ፊት የሌላትን ሙሽራ ማን ያዛል?

ሁለት ሺዎቹ ከገቡ በኋላ ኮምፒዩተር ገዛሁ። አዲስ አበባ ያሉት ሸማኔዎችና ሰፊዎች አዲስ ሥራቸውን ፎቶ አንሥተው በሲዲ ይልካሉ። ሲዲውን የምታመጣልኝ፣ ትእዛዜንም ይዛ የምትሄደው አንዲት አመላላሽ ነበረች። በአውቶቡስ ወደ ገላባት፣ ከዚያ መተማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ስትመለስ ሻንጣዋ ሙሉ ቀሚስ ነው። በስልክ ማዘዝ ሞክሬ ነበር። "ሰፊ ጥለት" ያልኩት ጠባብ ሆኖ መጣ፣ "ረዥም" ያልኩት ለልጅ የሚሆን ሆኖ መጣ። ስለዚህ የተመረጠው ቀሚስ ቁጥርና ልኩ በአመላላሿ በኩል ካልሄደ ምንም አልሄደም።

ደንበኞቼ በአብዛኛው የወሎ ልጆች ናቸው፤ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር በየቪላው የሚሠሩ። የእረፍት ቀናቸው ጁምዓ፣ ዓርብ ነው፣ እሱም ሙሉው አይደለም። ከቀትር በኋላ ይለቀቃሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት መመለስ አለባቸው። በዚያች ከሰዓት ውስጥ አገር ቤት መደወል አለ፣ ዘመድ መጠየቅ አለ፣ ጸጉር መሠራት አለ፣ ቀሚስ መምረጥም አለ። የእኔ ስክሪን ያኔ አሮጌው፣ ከኋላው ሆድ ያለው ሆዳም ነው፣ ፊቱ ወደ እኔ የዞረ። ሴቶቹ ባንኮኒው ላይ በሆዳቸው ተኝተው አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩ ነበር። እኔም በመካከል ተጨፍልቄ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ዐማራት ውስጥ አንድ ቢሮ ዕቃ እየቀየረ ነው ሲባል ሄጄ ጠፍጣፋ ስክሪን ገዛሁ። ሁለተኛ ስክሪን መሆኑ ነው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሴቶቹ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ያለ ብረት ሠሪ ክፈፍ ሠራልኝና ስክሪኑን በቁመቱ አቁመን ከግድግዳው ጋር በየድነው። ሌባ እንዳይነቅለው ብዬ አደራ ስላልኩት እኔም ልነቅለው እንዳልችል አድርጎ ሠራው። ፊት ለፊቱ ወንበሮች ደረደርኩ። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ፎቶውን እቀይራለሁ።

በዚህ ውስጥ የንግድ ነገር አለ፣ አልደብቅም። ምን እንደሚታይና በምን ተራ እንደሚታይ የምወስነው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወርቅማ ክር የፈሰሰበትን አሳያለሁ፣ ቀጥሎ ካባ ያለውን፣ ቀጥሎ ደረቱ በጥልፍ የተሞላውን። ተራ ፈትል፣ ቀጭን ጥለት ያላቸው ቀሚሶች ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል። ጠይቆ ለመጣ እንጂ እኔ ራሴ አላነሣቸውም።

ሁሉም ጥሩ ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ። ስክሪኑን ስላቆምከው ሥዕሉ አይቆምም። ኮምፒዩተሩ ስክሪኑ እንደተጋደመ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ውስጡ ገብተህ፣ "ሁለተኛውን ስክሪን ዘጠና ዲግሪ አዙር" ብለህ መንገር አለብህ። ነገርኩት፣ አዞረው፣ ተደሰትኩ። ከዚያ ከህረባ ሄደ። መብራቱን እዚያ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራው፣ አበሻውም ሱዳኑም። ከህረባ ሲመለስ የእኔ ኮምፒዩተር የነገርኩትን ሁሉ ረስቶ ነው የሚነሣው። ሙሽሮቼ ሁሉ ተጋድመው ይጠብቁኛል።

ካርቱም በበጋ ከህረባ የሚሄደው አንዴ አይደለም። በሄደ ቁጥር ደግሞ የመንደሩ ነጋዴ በሙሉ ሮጦ መሰኪያውን ይነቅላል፤ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ያገኘውን ያቃጥላል። ስለዚህ መንቀል፣ መጠበቅ፣ መሰካት፣ ኮምፒዩተሩ እስኪነሣ መቆም፣ ከዚያ በማውስ ይህን ክፈት፣ ያንን ክፈት፣ እዚያ ግባ፣ "እርግጠኛ ነህ?" ይለኛል፣ እርግጠኛ ነኝ። ሴቶቹ በዚህ መካከል ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዷ ትነሣለች። አንዷ ስትነሣ ሁሉም ይነሣሉ።

ጎረቤቴ ኮምፒዩተር የሚጠግን ሱዳናዊ ነበር። ስማረር ሰማኝ።

"ያ ዘውል፣ ለምን በእጅህ ትለፋለህ?" አለኝ። "ትእዛዙን አንዴ ጻፍለትና ራሱ ይሥራ።"

"እኔ የሱቅ ሰው ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?"

"ሠራተኛ ማዘዝ ታውቅ የለ?"

"አውቃለሁ።"

"ይሄም ያው ነው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው አይከራከርህም።"

እውነቱን ነበር። ያኔ ግን እንደ ጥሩ ነገር ነበር የሰማሁት።

አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሰጠኝ። መስኮትም ሥዕልም የላትም። ጥቁር ገበታ ከፍተህ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መስመር ትጽፍላታለህ፤ ስሟን፣ የትኛውን ስክሪን እንደሆነ፣ ስንት ዲግሪ እንደሆነ። ያንን መስመር ፋይል ውስጥ አስቀምጠህ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ቅድሚያ እሱን እንዲያነብ ታደርጋለህ። ስክሪፕት ይሉታል። ሁለት ጣት ይዤ ጻፍኩት። በማግሥቱ ከህረባ ሄዶ መጣ፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው ተነሥተው ቆሙ። መንገደኛውን ሁሉ ጠርቼ ማሳየት አማረኝ።

ደስታው ግን አልቆየም። አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ ሲነሣ ቁጥሩን ይለዋውጠዋል። የእኔን ሆዳሙን ሁለተኛ ይለውና እሱን ያዞርብኛል። "ሁለተኛውን" የሚለውን አጥፍቼ "መጨረሻ ላይ ያለውን" ብዬ ጻፍኩ፤ ቁጥሩ ቢለዋወጥም፣ ፕሮግራሟ በምታወጣው ዝርዝር ላይ ጠፍጣፋው ሁልጊዜ ከመጨረሻ ነበር የሚሰለፈው። ያ ተስተካከለ። ከዚያ ሌላ መጣ። ጠፍጣፋውን ስክሪን ከልቤ ስለምወደው ከህረባ እንዳያቃጥልብኝ ስታቢላይዘር ገዝቼለት ነበር፤ መብራቱን መርምሮ፣ ተረጋግቶ፣ ቆይቶ ነው የሚሰጠው። ሆዳሙ ግን በቀጥታ ነው የሚሰካው፣ እሱን ምን ይነካዋል። እና ስክሪፕቱ መጥቶ "አዙር" ሲል ጠፍጣፋው ገና አልነቃም። ሲነቃ ትእዛዙ አልፏል።

እኔም ብልህ ሆንኩ። ትእዛዙ አንዴ ብሎ ዝም እንዳይል፣ በየደቂቃው እየተመላለሰ እንዲያዝዝ አደረግኩት። በየደቂቃው መጥቶ መጨረሻ ያለውን ስክሪን ያያል፤ ዞሮ ካገኘው ይተወዋል፣ ካልዞረ ያዞረዋል። ጠፍጣፋው በፈለገ ጊዜ ይንቃ፣ ትእዛዙ ይደርስለታል። አሁን ማንም አይነካኝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደግሞም ሠርቶ ነበር፣ ብዙ ጁምዓ ሠርቷል።

ሙሽሪት የመጣችው በዚህ ኩራት ላይ ነው።

ዐማራት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳ ያገሯን ልጅ ልታገባ ነው፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት። አመላላሿ ቅዳሜ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ለሠርጉ ትደርሳለች። የሚቀጥለው ጉዞዋ ግን ረመዳን ውስጥ ነው። ስለዚህ ወይ በዚች ጁምዓ ከሰዓት ቀሚሱ ይመረጣል፣ ወይ ልጅቷ በኪራይ ቬሎ ታገባለች። የኪራይ ቬሎ ምን እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ብብቱ የስንቷን ላብ ጠጥቶ ቢጫ የሆነ፣ ጀርባው በመርፌ ቁልፍ የሚጠበብ። "እሱንስ ከምለብስ በሥራ ልብሴ ባገባ ይሻለኛል" ብላ ነበር ባለፈው መጥታ ቀን ስትይዝ።

ከአክስቷ ጋር ነው የመጣችው። አክስቷ ሐጅ ዩሱፍ የከረመች፣ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ የሆነ፣ ሐጅ አድርጋ የመጣች ሴትዮ ናት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሷን አፍ ነው የሚያየው። እሷ ከወደደችልኝ ሐጅ ዩሱፍ በሙሉ ይወድልኛል። ስለዚህ ወርቅማውን፣ ካባ ያለውን፣ የከበደውን ሁሉ ከፊት አሰልፌ ጠብቄያታለሁ።

ሲገቡ ከህረባ የለም።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ዱካኑ ለምን ጨለመ?" አለች አክስት።

"ወዐለይኩም ሰላም፣ ሐጃ። አሁን ይመጣል፣ ቁጭ በሉ።"

"አሁን ማለት በናንተ ቤት ስንት ነው?"

ቁጭ አሉ። ሙሽሪት በካርቶን ክዳን እያራገበች በሩን በሩን ታያለች። ቆየ። ከአጭር እረፍቷ ላይ ጊዜው ሲቆረስ ይታየኛል። በመጨረሻ የጎረቤት ማራገቢያ ሲንጫጫ ሰማሁና ሮጬ ሰካሁ። ከህረባ መጥቷል፣ ግን የደከመ ነው። አምፖሉ ብርቱካን ይመስላል። ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ ስለከፈተ ኃይል የለውም። ስታቢላይዘሩ መረመረና አልተስማማውም። ቀጭ ይላል፣ ይተዋል። ቀጭ ይላል፣ ይተዋል። ጠፍጣፋው ስክሪን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ሆዳሙ ግን ተነሣ፣ እሱ ምን ቢሰጡት ይበላል። ኮምፒዩተሩም ተነሣ። ስክሪፕቱም ተነሣ። ዙሪያውን ቢያይ ያለው ስክሪን አንድ ነው። "መጨረሻ ያለውን አዙር" ተብሏል። አንድ ብቻ ሲኖር መጨረሻውም እሱ ነው። አዞረው። የእኔን ሆዳም፣ የምሠራበትን፣ ብቸኛውን።

ጽሑፉ ሁሉ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ማውሱን ወደ ቀኝ ስገፋ ቀስቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ላይ ስገፋ ወደ ግራ። አንገቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ፎቶዎቹን ለመክፈት ስታገል የመጀመሪያዋ ወጣች፤ ነጭ በነጭ የለበሰች ሙሽራ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጋድማ፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ።

አክስት ምን አቆየው ብላ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ አየች።

"አስተግፊሩላህ! ይሄ ምንድን ነው? ከፈን ነው?"

"ኧረ ሐጃ፣ ቀሚስ ነው፣ ስክሪኑ ነው የ…"

"ሬሳ ያሳየናል እንዴ! ለሙሽራ! ቁሚ አንቺ፣ እንሂድ። በኪራዩ ታገቢያለሽ።"

"አክስቴ፣ ፎቶ እኮ ነው" አለች ሙሽሪት። አልተነሣችም። "ጋሼ፣ ቀና አድርጋት በናትህ።"

አንገቴን እንደሰበርኩ ጥቁሩን ገበታ ከፍቼ "ዜሮ" ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ቀና አለ። ሙሽራዋ ቆመች። አክስት ተመልሳ ተቀመጠች። "እንዲህ በል እንጂ" አለች። አፌን ከፍቼ ስለ ወርቅማው ክር መናገር ስጀምር ደቂቃው ሞላ። ትእዛዙ መጣ። ሙሽራዋ ተጋደመች።

"ጋሼ፣ ደግሞ ተኛች።"

አስነሣኋት። ጥቂት ቆማ ተኛች። አስነሣኋት፣ ተኛች። ስክሪፕቱን ራሱን ልገድለው ፈለግኩ። እሱ የተቀመጠበት ቦታ ድረስ በማውስ መሄድ አለብኝ፤ ቀና ሲል ጀምሬ ግማሽ መንገድ ላይ ይዞርና ማውሱ ይጠፋብኛል። የተጋደመውን ማውስ ስለምደው ደግሞ ራሴ ሳላውቅ አንዱን ነክቼ ቀና ይላል፣ የለመድኩት ሁሉ ይበላሻል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ላስነሣው? ሲነሣ ቅድሚያ የሚያነበው እሱኑ ነው። የሚያውቀው ጎረቤቴ ደግሞ ጁምዓ ስለሆነ ዘግቶ ሄዷል። በዕድሜዬ ብዙ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ። ሰነፉንም፣ ሌባውንም አይቻለሁ። "ተው" ብለው የማይተው ያን ቀን ነው ያየሁት። ያሠራሁትም እኔ ነኝ፣ ያውም በየደቂቃው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ሙሽሪት።

"ትእዛዝ ያከብራል" አልኩ።

"የኛ መዳም ብትቀጥረው ደስ ይላት ነበር።"

በዚህ መሐል ረክሻ መጥቶ በር ላይ ቆመ። አመላላሿ ናት። ከውስጥ ሆና ነጂውን እያስጮኸች፣ በአንገቷ የልክ መለኪያ ሜትሯን አንጠልጥላ ብቅ አለች።

"ያላ! ገና ሁለት ቤት ይቀረኛል። ቁጥሩን ስጡኝ።"

"አልመረጥንም" አለች ሙሽሪት። ድምፅዋ ቀጠነ።

"እስካሁን? ምን ስትሠሩ ነበር?"

"ሬሳ ስናይ" አለች አክስት።

"እንግዲህ እኔ ለአንዲት ሴት ብዬ አውቶቡስ አላስቆምም" አለችና አመላላሿ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ደግሞ ትልቅ ሰው፣ አንድ ፎቶ ማሳየት አቃተህ?"

ሙሽሪት የያዘችውን የካርቶን ክዳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታጥፈዋለች። በዚያው ሰዓት ስክሪኑ ላይ ሙሽራዬ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ተጋደመች። ደሜ ፈላ። ሆዳሙን በሁለት ጆሮው ይዤ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ልወረውረው ይሁን ልመታው አላውቅም። ከበደኝና ባንኮኒው ላይ በጎኑ ወደቀ።

ሙሽራዋ በአናቷ ቆመች።

አክስት ጮኸች። አመላላሿ ሳቀች። እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። በአናቷ ከቆመች፣ በሌላው ጎን ቢጋደም በእግሯ ትቆማለች። ጠፍጣፋውን በግድግዳ በይጄዋለሁ፣ ይህኛውን ማንም አልበየደው። በደረቴ ታቅፌ አገላበጥኩትና በሌላው ጎኑ አስተኛሁት። ሙሽራዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ማውሱንም ብነካው ልክ ነው፤ ቀኝ ሲሉት ቀኝ፣ ላይ ሲሉት ላይ። ደቂቃው ሞላ። ትንፋሼን ያዝኩ። ትእዛዙ መጣ፣ አየ፣ ዞሯል፣ ተወው። ከዚያ ስክሪፕት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። እሱን ማዘዝ ስላቃተኝ ስክሪኑን አጎነበስኩለት።

ገመዱ ግን አጭር ነው፣ ወደ ሴቶቹ አይዞርም።

"እኔ ልምጣ" አለች ሙሽሪትና መልስ ሳትጠብቅ የባንኮኒውን መዝጊያ አንሥታ ገባች። እዚያ ደንበኛ ገብቶ አያውቅም። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ማውሱን ከእጄ ወሰደችው።

"ሐጃ፣ እርስዎም ይምጡ" አልኩ፣ ቢያንስ እሷ ትዳኘኝ ብዬ።

አክስት ከኋላ ቆመች። ሙሽሪት መጀመሪያ ባሰለፍኩት ተራ ሄደች። ወርቅማው መጣ።

"ይሄ! ኸላስ፣ ይሄ ነው" አለች አክስት። "ሰው ከበር ሲያይሽ ያውቅሻል።"

ሙሽሪት ነካችና አለፈችው። ካባውም መጣ፣ አለፈችው። ጥልፍ የሞላበት መጣ፣ ትንሽ አየችውና አለፈችው። ፎቶው አለቀ ብዬ ሳስብ ወጣችና ጎን ያለውን ሌላ ማኅደር ከፈተች። ያልደረደርኳቸው ሁሉ እዚያ አሉ። አንዷ ላይ ቆመች። ነጭ ፈትል፣ ከታች ብቻ ጣት የማይሞላ አረንጓዴ ጥለት፣ ደረቱ ንጹሕ።

"ይቺስ?"

"እሷ እንኳ የቤት ውስጥ ናት" አልኩ ፈጥኜ።

"የቤት ውስጥ ከሆነች ለምን ሙሽራ ለብሳታለች?"

"ፎቶ አንሺው ነው የተሳሳተው።"

"ያንተ ሱቅ ውስጥ ሁሉ ነገር ይሳሳታል" አለች አመላላሿ ከበሩ።

አክስት አጎንብሳ አየች። "ይሄማ ነጠላ ነው። በዚህ ልታገቢ? ሰው ምን ይላል? እኔ በየት በኩል ነው የምቀመጥ?"

"አክስቴ፣ እኔ በሳምንት ስድስት ቀን የመዳምን ምንጣፍ ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። በሠርጌ ቀን ደግሞ ያን ሁሉ ክር ልሸከም? በዚህ ሙቀት?"

"አንድ ቀን ነው።"

"አንድ ቀን ስለሆነ ነው። በሷ መጨፈር እችላለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ይህን ለምን ቅድም አላሳየኸኝም?"

ነጋዴ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ አለው። ግን እሱ በደንበኛ ወንበር ላይ ለተቀመጠች ሴት የሚሆን ነው። እሷ የተቀመጠችው እኔ ወንበር ላይ ነው። "ከህረባ ነው" አልኩ።

"ከህረባ" አለች እሷም፣ እንዳላመነች ሳትደብቅ።

ከፎቶው ሥር ያለውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች። አመላላሿ "ቁሚ" ብላ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና እዚያው ባንኮኒው ውስጥ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን ለካቻት። እኔ ወጥቼ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ የምቆምበት ስላልነበረ። አክስት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሁለታችንም ጥቁሩን ጠፍጣፋ ስክሪን አየን።

"አንተ ነህ ያበላሸሃት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ወርቁን ወድዳ ነበር።"

"አልወደደችም ሐጃ፣ እርስዎ ነዎት የወደዱት።"

"ያው አይደል እንዴ? እኔ አይደለሁ ያሳደግኳት?"

አመላላሿ ልኩን በእጇ መዳፍ ላይ ጽፋ ወጣች። ረክሻው እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ሙሽሪት መግሪብ ሳይደርስባት ወደ ዐማራት ለመሮጥ ሻርፗን እያስተካከለች፣ "ጋሼ፣ አላህ ይስጥህ፣ በሸክምም አዋልኩህ" ብላኝ ወጣች። አክስቷ ወደ ኋላ ቀርታ ስታቢላይዘሩን አየችው። አሁንም ቀጭ ይላል። "ይሄን አጥፋው፣ ራስ ያዞራል" አለችና ተከተለቻት።

ቀሚሱ ደረሰ። ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ እስክትታጠፍ ጨፈረች፣ ላቧ ሲወርድ እንኳ ቀሚሱ አልከበዳትም። አክስቷ ለጠየቃት ሁሉ "እኔ ነኝ የመረጥኩላት፣ የአሁን ሴት ቀለል ያለ ነው" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሰፈሩ የሷን አፍ ያያል ብያለሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሴቶች መጡ፣ ያንኑ ፈትል፣ ያንኑ ቀጭን ጥለት። ወርቅማዎቹ ከነ ካባቸው ሲዲው ላይ ቀሩ።

ስክሪፕቱን ጎረቤቴ መጥቶ አስተካከለልኝ፤ ስክሪን ሁለት ካልሆነ ምንም እንዳይነካ አደረገው። ለዚህ አንድ መስመር ነው የጨመረው፣ አንድ። ጠፍጣፋው ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከህረባ ቢሄድም ቢመጣም። ፊት ለፊቱ ያሉት ወንበሮች ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። ሴቶቹ ሲገቡ ቀጥታ የባንኮኒውን መዝጊያ ያነሣሉ። "በውስጥ በኩል ነው የሚታየው" ይባባላሉ። አንዷ ወንበሬን ትይዛለች፣ ሁለቱ ከኋላዋ ይቆማሉ፣ ማውሱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ እኔ ያስቀመጥኩትን ተራ ማንም አይጠይቅም።

ከውጭ ቆሜ ስክሪኑን ልይ ብዬ አንገቴን ሳሰግግ አንዷ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ በል፤ ብርሃኑን ያዝክብን።"